ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ለኔ ቢጤ ያዋጣል? (ከፍኖተ ሰላም)

የዳሞቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። በሳይኮሎጂ ዲግሪ ይዤ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። ስድስት ዓመቴ ነው። ቢሮዬ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ግማሹ ነው። ልጅ እያለቀሰች ስታወራኝ የስፖርት መምህሩ በሩን ከፍቶ "ይቅርታ፣ ኳስ ልውሰድ" ይላል።

አምና አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆዴን ያመኛል እያለች በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትመጣ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት። እንደገና ሄደች፣ ታይፎይድ ነው አሏት። መጨረሻ ላይ የሆነችውን ለኔ ነገረችኝ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ምን አደረግሁ? አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ" ብዬ ሸኘኋት። ያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አራት ዓመት ስለ ፍሮይድ ተምሬያለሁ። ያቺ ልጅ በማግስቱ ብትመጣ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ማስተርስ አማረኝ። ባለቤቴ "የትምህርት አመራር ተማሪና ርዕሰ መምህር ሁኚ፣ ደመወዝም አለው" ይላል። ክፋት አይደለም፣ ሁለት ልጆች አሉን። በዚህ መስመር ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እዚያ ገብቶ ምንድን ነው የሚማሩት? ከዲግሪው በምን ይለያል? ሲጨርሱስ ሥራ አለ?

---

አባይ ማዶ፦

እህቴ፣ በዚች አገር ለወሬ ማን ይከፍልሻል? ባልሽ ያለሽን ስሚ።

---

የቢቸናው፦

አባይ ማዶን እለፊው። ለጠበቃም የምንከፍለው ለወሬ ነው።

የኳሱ ነገር አሳቀኝም አሳዘነኝም። እኔም የተማርኩት አንቺን የቆጨሽ ዓይነት ነገር ቆጭቶኝ ነው። ከጨረስኩ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አሁን ባሕር ዳር ነው የምሠራው።

መግቢያውን ቶሎ ልለፈው። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ሳይኮሎጂ መሆኑ ግማሽ መንገድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለውን፣ ታልፊያለሽ። ከዚያ ዲፓርትመንቱም የራሱን ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጨምርልሻል። አዲስ አበባም ጎንደርም ይሰጣል። ሁለት ዓመት ነው። ሐኪም አትሆኚም፣ መድኃኒትም አታዢም። እሱ የሳይካትሪስቱ ሥራ ነው፤ በሕክምና ተመርቆ በላዩ ስፔሻላይዝ ያደረገው ሰው።

ስትመርጪ ታዲያ የዩኒቨርሲቲው ስም አያታልልሽ። እዚያ የተማረ ሰው ፈልጊና "ፕራክቲከም፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ ስትወጡ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ነበር?" ብለሽ ጠይቂው። የዚህ ትምህርት ነፍሱ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር 50 ደቂቃ የምክር ልምምድ አድርገን በስልክ ቀዳን። እሷ ታካሚ፣ እኔ ባለሙያ። ከዚያ እያንዳንዷን ቃል ወደ ወረቀት ገልብጥ ተባልኩ። አሥራ አራት ገጽ ወጣው። ጥሩ ሠርቻለሁ ብዬ ነው ያስገባሁት። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ "አይዞሽ" ያልኩባቸውን ቦታዎች አክብባ መለሰችልኝ። ዘጠኝ ነበሩ። "ከእያንዳንዱ አይዞሽ በፊት ምን እያለችህ ነበር? ከዚያ በኋላስ ምን አለች?" አለችኝ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ዘጠኙም ጋ ልጅቷ ወደ ከባዱ ነገር እየገባች ነው። ዘጠኙም ጋ ከ"አይዞሽ" በኋላ ወሬ ቀይራለች። "ይቺን አይዞሽ ያልካት ለማን ነው? ለሷ ነው ወይስ የጨነቀህ አንተ ነህ?" አለችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ።

አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ይህን ስነግረው "ታዲያ ይሄ ቅኔ ነገራ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ተማሪው ዛፍ ሥር ብቻውን ይቆጥራል፣ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ የኔታ ያርማሉ። የኔታ የሌሉበት ቅኔ ቤት ዛፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሆስፒታል ወጣን። ወሩ ነሐሴ ነው። ከሜጫ የመጡ አንድ ስልሳ የሚሆናቸው ገበሬ ተመሩልኝ። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል ይላሉ። የልብና የራስ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው። ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9 የሚሉትን፣ አወጣሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ እያልሽ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጫለሽ። ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል፣ 10 ከደረሰ ቆም ብለሽ ታያለሽ።

"አባቴ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?" "ምን እንቅልፍ አለ ልጄ።" "በየቀኑ?" "በየቀኑ።" 3 ጻፍኩ። ድካም? ሰውነቴ አልቋል። 3። እንዲህ እያልኩ 14 ደረስኩ። ድባቴ ነው ብዬ ለሱፐርቫይዘሬ፣ ልምምዴን ለሚከታተለው ባለሙያ፣ በኩራት አቀረብኩ።

እሱ ወረቀቱን አላየም። ሰውየውን "ሌሊት የት ነው የሚያድሩት?" አላቸው።

"ማማ ላይ ነዋ! በቆሎው ደርሷል፤ ጃርቱስ መቼ ያስተኛል?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ እየጾሙ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ግን አላቆመም። "ሌላ ጠባቂ የለም?" አለ። ሰውየው ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ። እኔ "አይዞዎት" ልል አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ። ከቆይታ በኋላ "ሞልቷል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ቤት ካደርኩ ልጄ ይመጣብኛል" አሉ። ልጃቸው ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። እሱን ለማንም አልተናገሩም።

ቁጥሩ ብዙም አልተሳሳተም ነበር። ማማውንም ልጁንም ግን መጠይቁ አይጠይቅም። የኛ ሰው "ድባቴ ያዘኝ" ብሎ አይመጣም። ራሴን፣ ልቤን፣ ሆዴን ይላል። ያንቺም ተማሪ ሆዴን ነው ያለችሽ።

ቴሲሱ፣ የመመረቂያ ጥናቱ፣ ያንገበግባል። "ሰው ልረዳ መጥቼ ከቁጥር ጋር ምን አታገለኝ" ብዬ አማርሬያለሁ። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካኖች ቦልደር በምትባል ከተማቸው ተሰብስበው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም ባለሙያም ሆኖ ይሠልጥን አሉ። የኛም ትምህርት ከዚያ ሐሳብ ወርሷል። እነሱ ጋ እስከ ዶክትሬት ይዘልቃል፣ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕም አለው። እኛ በሁለት ዓመት እናጣድፈዋለን። ሱፐርቪዥን፣ አጠገብሽ ሆኖ የሚያርምሽ ሰው፣ አይቅርብሽ የምልሽ ለዚህ ነው።

ክፉውንም ልንገርሽ። በሌላ ቦታ ልምምዴ ላይ የተመደበልኝ ሰው ለሦስት ሳምንት አልታየም። የመጨረሻው ቀን መጥቶ የሃያ ቀኑን ፊርማ በአንድ ጊዜ ፈረመልኝ። ክፍል ስላልነበረን ታካሚ የማነጋግረው ኮሪደር ላይ ነበር። የኳስ መጋዘን እንኳ በናፈቀኝ!

ሥራ? አልዋሽሽም፣ የሥራ ማስታወቂያ ማሳደድ አንጀት ያቆስላል። እኔ ዘጠኝ ወር ፈልጌያለሁ። አሁን ግማሽ ቀን አንድ ቦታ፣ ግማሽ ቀን ሌላ ቦታ ነኝ። አንቺ ግን ሥራ አለሽ። አትልቀቂው። ከመሥሪያ ቤትሽ የስፖንሰር ደብዳቤ ለማግኘት ሞክሪ፣ ተምረሽ እዚያው ተመለሺ።

አንድ የረሳሁት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ሥራ ሌላ ጣጣ አለው። ቅዳሜ ገበያ ድንች ልገዛ ቆሜ ሻጯ የራሴ ታካሚ ሆና ተገኘች። ገንዘብ አልቀበልም አለች፣ በላዩም መረቀችልኝ። እኔ ገንዘቡን ተቀበይ ስል ባለቤቴ ከጎኔ "ከየት ታውቃታለህ?" ትለኛለች። እስካሁን አልነገርኳትም።

---

ሲስተር ከዳንግላ፦

የቢቸናው ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፤ ጸበሉን ግን ዘለልከው። እኔ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ የሚመጣው ብዙው ሰው መጀመሪያ ጸበል ደርሶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ የመጡ ልጆች "ጸበሉን ተዉት" ይላሉ፤ ሰው በዚያው ይቀራል። እኔ "ጸበሉንም ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ" ነው የምለው። ካህኑም አብረውኝ ሲሉ ደግሞ ይሰማል።

የዳሞቷ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የሚባል መመሪያ አለው፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ላልሆነ ጤና ባለሙያ የተዘጋጀ። አገራችንም ሥልጠናው ይሰጣል። ጤና ጣቢያችሁ የሠለጠነ ሰው ካለ ስሙን ያዢ። ቀጣይዋ ልጅ ሆዴን ስትል በቀጥታ ወደሱ ላኪያት።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ ማስተርስ ስታወሩ ማንም አልጠየቀም። ልጅቷ አሁን እንዴት ናት?

---

የዳሞቷ፦

ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ናት። አክስቷ ጋ ገብታለች፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጉዳዩንም የሚመለከተው አካል ይዞታል።

የቢቸናው፣ ያንተን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩለት። የጃርቱ ጋ ሳቀ፣ የልጁ ጋ ዝም አለ። "ደብዳቤውን ጠይቂ" ብሎኛል። ርዕሰ መምህርነቱን ግን ገና አልተወውም።

ከዚያ ወዲህ አይዞሽ የምለውን እየቆጠርኩ ነው። ማክሰኞ በአንድ ልጅ ላይ ስድስት። ትናንት ያቺው ልጅ መጣችና አንድም ሳልል ለመቀመጥ ሞከርኩ። ዝምታው ሲረዝም እጄ ተንቀጠቀጠ። ልክ "እናቴ..." ብላ ስትጀምር በሩ ተንኳኳ።

ዛሬ ጠዋት የስፖርት መምህሩን አነጋገርኩት። ኳሶቹን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወስዷል። የመረብ ኳሱ መረብ ግን ከባድ ነው ብሎ ትቶልኛል።