ልጄ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ልወዳደር ነው አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ባለታክሲው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ ከገባሁ 24 ዓመቴ ነው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ትልቋ ልጄ ጠበቃ ናት። ባለፈው እሑድ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ «አባዬ፣ ለዴሊጌትነት ልወዳደር ነው» አለችኝ፤ ዴሊጌት የሚሉት የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል ነው። እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ሲኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ታላቅ ወንድሜን በኛ አቆጣጠር በ1970 ከቤት እንደወሰዱት ቀርቷል፤ በኛ ቤት ፖለቲካ ማለት እሱ ነው። አገሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆድ ግን አይሰማም።

እሱን ለኔ ተዉት። የማልረዳው ሌላ ነው። ኮንግረስ አይደለም ትላለች፣ የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት ሪችመንድ ነው ትላለች። ደመወዙን ስጠይቃት ሳቀች። ለመሆኑ ይሄ ሥራ ነው ወይስ የትርፍ ሰዓት ነገር? የሕግ ቢሮዋንስ ትለቃለች? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ፓይክ_ላይ_ያደገ፦

ጋሼ፣ ለምን እንደሳቀች ልንገርዎት። የዴሊጌት ደመወዝ ለዓመታት ንቅንቅ ሳይል የኖረው በዓመት 17,640 ዶላር ላይ ነው። የስቴት ሴናተር፣ ማለትም የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ 18,000። እርስዎ በታክሲ ይበልጧታል።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከጥር ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ነው፤ አንዱን ዓመት 60 ቀን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ 45 ቀን ገደማ። ስለዚህ አብዛኞቹ ሥራቸውን አይለቁም። ጠበቃ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ሞልተዋል። ችግሩ በወረቀት የሁለት ወር ሥራ ቢባልም ስልኩ ዓመቱን ሙሉ መጮሁ ነው።

እኔ አንድ የስብሰባ ወቅት ሙሉ የአንድ ዴሊጌት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሕግ ሲረቀቅ አያለሁ ብዬ ሄጄ የዋልኩት ስልክ ሳነሳ ነው። «የሥራ አጥ ክፍያዬ ቆመ፣ መንጃ ፈቃዴ ታገደ፣ መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ» የሚል ነው። እርስዎ ይገባዎታል፤ ፌርፋክስ ውስጥ አብዛኛው መንገድ የካውንቲው ሳይሆን የስቴቱ ነው፣ ጎማው የፈነዳበት ሁሉ ዴሊጌቱ ላይ ይደውላል።

ንዑስ ኮሚቴ የሚባለው ደግሞ አንዳንዴ ገና ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከደቡብ ምዕራቡ ተራራ ሌሊቱን ስትነዳ አድራ ስለ ልጇ ሕመም ልትመሰክር መጣች። ሁለት ደቂቃ ተሰጣት። ወረቀቷ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን እንኳ ሳታነብ ሰዓቱ አለቀ። ወዲያው ረቂቅ ሕጉ «ጠረጴዛ ላይ ይቆይ» ተባለና ድምፅ ተሰጠ። ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ «መቼ ነው ከጠረጴዛው የሚያነሱት?» አለችኝ። ሞቷል ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የነገርኳት። ልጅዎ ይህን ነገር ብትመረጥ በሳምንት አሥር ጊዜ ታየዋለች፤ የራሷም ረቂቅ እንዲሁ ይሞትባታል።

ሮቸስተር፦

እኔ ኒውዮርክ ነኝ፣ እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። የኛዋ ስቴት ሴናተር ሳምራ ብሩክ አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው። ጓቲማላ በፒስ ኮር፣ በአሜሪካ የሰላም ጓድ፣ አገልግላለች፤ በ2020 ተወዳድራ ሪፐብሊካኖች ይዘውት የነበረውን ወንበር አሸነፈች። ከዚያ በፊት አንድም የምርጫ ሥልጣን አልነበራትም። በዚያው ዓመት ዳንኤል ፕሩድ እዚሁ ከተማ፣ አእምሮው ታውኮ ሳለ ፖሊሶች ይዘውት ሞተ። እሷ የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና በስሙ የሚጠራ ረቂቅ ይዛ ቀረበች፤ እንዲህ ላለ ጥሪ ፖሊስ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ይሂድ የሚል። ረቂቁ ለዓመታት ሲንከባለል ነው የኖረው። ደመወዙ ግን ከ2023 ጀምሮ 142,000 ዶላር ነው። ቨርጂኒያን ሳነብ ደነገጥኩ 😅

እትዬ_ስካይላይን፦

ወንድሜ፣ እኔ በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ፤ አጭር ላድርገው። ስሟ የምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዲወጣ የ125 መራጮች ፊርማ ትፈልጋለች፤ ከራሷ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) የተመዘገቡ ብቻ። የኛ ሰው ይፈርማል፣ ከዚያ ሲጣራ የሚኖረው ማዶ ሰፈር ሆኖ ይሰረዛል። ስለዚህ እጥፉን ሰብስቡ።

ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል። አዲስ አበባ ያለው አጎት ግን ቢወዳትም አንድ ብር እንዳይልክ፤ ወንጀል ነው። የእቁብ ጓደኞችዎ አዋጥተው በአንድ ፖስታ እንዳያመጡ፣ እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ።

አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ለሚልዎት ሰው ደግሞ የ2017ቱን ይንገሩት። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ላይ ለዴሊጌትነት የተወዳደሩት ሼሊ ሲመንድስና ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ስማቸው በፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ተከቶ፣ ቆርቆሮዎቹ ሳህን ውስጥ ገብተው ዕጣ ወጣ፤ ልክ እንደኛ እቁብ! ሪፐብሊካኑ ያንሲ ወጣለት፣ ሪፐብሊካኖችም 51 ለ49 ሆነው ምክር ቤቱን ያዙ። ሲመንድስ በ2019 ተመልሳ ወንበሩን ወሰደች።

ባለታክሲው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከዚያስ ወዴት ያደርሳታል ለሚለውስ?

ፓይክ_ላይ_ያደገ፦

ብዙዎችን የትም አያደርስም ጋሼ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ግን የደረሱም አሉ፤ ለምሳሌ ጋዛላ ሃሽሚ፤ ሕንድ ተወልዳ እዚህ አሜሪካ ያደገች የኮሌጅ መምህርት፤ በ2019 ለስቴት ሴኔት ተመረጠች፣ በ2025 የቨርጂኒያ ምክትል ገዥ ሆና ተመረጠች። ኦባማም ኢሊኖይ ስቴት ሴኔት ውስጥ ከ1997 እስከ 2004 ቆይቷል፤ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ። መሀል ላይ በ2000 ለኮንግረስ ሞክሮ ወንበሩን ይዞ የነበረው ቦቢ ረሽ በሰፊ ልዩነት አሸንፎታል። ሰዎች ይሄኛውን ዓመት ዘለው ነው የሚያወሩት።

ባለታክሲው፦

ትናንት ማታ የዲስትሪክቱን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። ድንበሩ በኛ መንገድ መሀል ለመሀል ያልፋል። የኛ ሕንፃ ከድንበሩ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ የምንገዛበት ሱቅ ማዶ ቀርቷል። ባለሱቁ ቀድሞ ልፈርም ብሎ ነበር፤ እንዴት አድርጌ እንደማስቀይመው አላውቅም። እኔ ግን በዚህ ሰፈር የማላውቀው ሊፍት የለም፤ የትኛው ሕንፃ በር እንደሚከፈት፣ የትኛው ዘበኛ እንደሚያባርር ነገርኳት። ጻፈችው። «አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ የምትወዳደረው?» አለች።

ስለ ወንድሜ ገና አላነሳሁላትም። የሚቀጥለው እሑድ ይሁን።