ጓደኛ ነው ወይስ ምርኮኛ? ልጆቻችን፣ የካርቱን ጭራቆችና የቅዳሜው ፕሮግራም

አወያይዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር ባለው የወጣቶች ማዕከል ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ካርቱን ይታያል፣ ጌምም ይጫወታሉ። ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይወሰናል። ያከራከረው ደግሞ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፦ ልጅና ጭራቅ ተጓዳኝተው አብረው የሚዞሩበት፣ አብረው የሚዋጉበት። ፖኬሞን፣ ዲጂሞን፣ እነዚህን የመሳሰሉ። ሐሳብ እንጂ ሰው አትንኩ፤ በሉ ቀጥሉ።

የጠባሴ አባት፦ እኔ ይቁም ባይ ነኝ። ሳላይ አልፈረድኩም፣ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ልጁ ጫካ ይገባል፤ በሰላም የሚኖረውን ፍጥረት በሌላ ፍጥረት ያስደበድበዋል፤ ሲደክምለት ኳስ ወርውሮ እዚያ ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ "ጓደኛዬ" ይለዋል። በማግስቱ ለሌላ ድብድብ ያወጣዋል። እኛ እረኛ ሳለን በሬ ስናዋጋ ከተያዝን በልምጭ ነበር የምንገረፈው። ቀንዱ ይሰበራል፣ ይወጋጋል፣ ነገ ማን ያርሳል ተብሎ። ያንኑ ነገር በቀለም አሸብርቆ ሲመጣ ለልጆቻችን እናሳይ? ፍቅር ማለት ይዞ ማዋጋት ነው ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።

ጌመሩ ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ያዩት እውነት ነው፣ አልክድም። የፖኬሞን ጨዋታ ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እያሳደደ ይሰበስብ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ጌምም ከዚያ የመጣ ነው። መያዝና መሰብሰብ መሠረቱ ላይ አለ። ግን በዓመቱ የተጀመረውን ካርቱን የመጀመሪያ ክፍል ይመልከቱልኝ። ለልጁ የተሰጠው ፒካቹ የሚባል ፍጥረት ኳሱ ውስጥ አልገባም ይላል። ልጁን አይወደውም፣ በኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ልጁ በገመድ አስሮ ይጎትተዋል፣ ጉተታው ምንም አያመጣለትም። የሚዋደዱት የወፍ መንጋ ሲያሳድዳቸው ልጁ የቆሰለውን ፒካቹን ከኋላው አድርጎ፣ ባዶ እጁን ዘርግቶ ከፊት ሲቆም ነው። ከዚያ ወዲያ ፒካቹ ኳስ ውስጥ ሳይገባ ከልጁ ጎን ነው የሚኖረው። እኔ ይህን ያየሁት ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው፤ የገባኝም "እምቢ ማለት የሚችል ነው ጓደኛ የሚሆነው" የሚለው ነው።

ጌሙም ቢሆን ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጓደኝነት መጠን የሚቆጥርበት ስሌት አለው። አብረኸው ስትጓዝ ይጨምራል፣ በድብድብ ስታስወድቀው ይቀንሳል፣ ርካሽ ነው ብለህ መራራ መድኃኒት ብታጠጣውም ይቀንሳል። ጎልባት የሚባለው የሌሊት ወፍ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያድገው በድብድብ ብዛት ሳይሆን ሲወድህ ነው።

የጠባሴ አባት፦ ልጄ፣ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ፣ ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ፍቅር በቁጥር ተሰፍሮ፣ ሲሞላ ጉልበት የሚጨምርልህ ከሆነ ልጁ የሚንከባከበው ለምንድን ነው? ጎልባት እንዲያድግለት ነው። ይኼ ለጥቅም መውደድ ነው። ደግሞ ቢወድቅስ ምን ይሆናል? ሕክምና ቤት ይወስደዋል፣ በነጻ፣ ወዲያው ይነሣል። ከብት ታሞበት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል?

ስም የለሽ እናት፦ የእኔ ስጋት ስልኩ ነው። ከቅዳሜው በኋላ ሳምንቱን ሙሉ "ስልክሽን ስጪኝ" ነው። ማዕከሉ ይህንንም ያስብበት።

የመንዝ ልጅ፦ መሐል ሜዳ ነው ያደግሁት፤ አሁን ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ አሳድጋለሁ። አባቴ ሲያርስ ቦራንና ዳልቻን በስማቸው ይጠራቸው ነበር፤ ቦራ ድምፁን ሰምቶ ይዞራል፣ ዳልቻ ቀንበሩ ሲከብደው ዝም ብሎ ይቆማል። አባቴ ያን ጊዜ አይመታውም፤ አንገቱን ያየዋል፣ ተልጦ እንደሆነ። እኔ ያንን እያየሁ አደግሁ። የእኔ ልጅ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ በግ እንኳ የሚያየው ለበዓል ሲታረድ ነው። ከእንስሳ ጋር መግባባት የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ስክሪን ላይ ነው፣ ያሳዝናል፣ ግን ያንንም ከወሰድንበት ምን እንሰጠዋለን?

መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ ጥብቅ ቦታ የወጣችሁ ታውቃላችሁ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እየተዘዋወረች አይጥ ታድናለች። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፣ እሷም ግልገሎቻቸውን ትታ አይጧን ነው የምትፈልገው። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ከመንጋው ጋር ስትሆን አይጥ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ማንም ማንንም አላሰረም። ማዕከሉ ካርቱኑን ካሳየ በኋላ ልጆቹን አንድ ቀን ጓሳ ይውሰድልን፣ ቀሪውን ራሳቸው ያወዳድሩት።

ዲያቆን ከአንኮበር፦ "ጭራቅ ስለሆነ አጋንንት ነው፣ ይቃጠል" የሚሉ ምእመናን በየቀኑ ይጠይቁኛል። መልኩ አስፈሪ የሆነ ሁሉ ርኩስ አይደለም። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ሁላችንም ቤት ሰቅለናል፤ ጻድቁ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር ናቸው። ሕፃናት ያንን ሥዕል ሲስሙ አይፈሩም። አውሬ ከሰው ጋር ሲታረቅ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጻድቁ አንበሶቹን አላዋጓቸውም፤ ይህ ልዩነት እንዲጠፋብን አልፈልግም።

በሌላ በኩል ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተቱ። ሺን ሜጋሚ ተንሴይ የሚባል የጃፓን ጌም አለ፤ የመጀመሪያው በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ። እዚያ ተጫዋቹ አጋንንትን በግልጽ አጋንንት እየተባሉ ያነጋግራቸዋል፣ ይደራደራቸዋል፣ ከጎኑ ያሰልፋቸዋል፣ ሁለቱን አዋሕዶ ሦስተኛ ያወጣል። ይህ ለልጅ አይሆንም፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ፒካቹንና ይህንን አንድ አድርጎ የሚያወግዝ ወላጅ ግን ነገ እውነተኛውን አደጋ ሲነግረው ልጁ አይሰማውም።

ጌመሩ ከደብረ ሲና፦ ዲያቆን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ደግሞ ያነሡትን ጥያቄ ራሱ ጌሙ አንሥቶታል። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው ፖኬሞን ብላክና ዋይት ላይ ኤን የሚባል ወጣት አለ። የፍጥረቶቹን ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች አስረው ያዋጓቸዋል፣ ነጻ ይውጡ ይላል። ልክ የእርስዎን ቃል። መጨረሻ ላይ ግን ከጀርባው ያለው ሰውዬ ሌላው ሕዝብ ፍጥረቶቹን እንዲለቅ የፈለገው እሱ ብቻ ጉልበት ይዞ ለመግዛት እንደሆነ ይታወቃል።

የጠባሴ አባት፦ እንዲህማ አይሆንም። ጥያቄውን የሚያራግበው ሰው ክፉ ሆኖ ቢገኝ ጥያቄው መልስ አገኘ ማለት ነው? ወጣቱ ልጅ የተናገረው ትክክል ከሆነ፣ ሰውዬው ሌባ ቢሆንም ትክክል ነው። የጌሙ ደራሲ ከባዱን ጥያቄ አንሥቶ ሌባ ይዞ አመለጠ። ለልጄ የምፈልገው መልሱን ነው።

ጌመሩ ከደብረ ሲና፦ ልክ ነዎት፣ እዚያ ላይ ጌሙ ይሸሻል። ኤን ራሱ ግን ሐሳቡን የለወጠው በክርክር ተሸንፎ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የተጫዋቹ ፖኬሞን ከባለቤቱ ጋር መሆን እንደሚወድ ሲናገር ሰምቶ ግራ ይጋባል። ሰውየውን ሳይሆን ፍጥረቱን ጠየቀ። ለእኔ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

መምህርቷ፦ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር የምቀመጠው ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) ዲጂሞን አንድ ክፍል መርጬ አሳየኋቸው። ታይቺ የሚባለው ልጅ ጓደኛውን አጉሞንን ቶሎ ኃይለኛ ይሁንልኝ ብሎ ያስገድደዋል፤ ያለ ልኩ ያበላዋል፣ እንዲያድግለት ብሎ ራሱን ሆን ብሎ አደጋ ውስጥ ይከታል። አጉሞን ያድጋል፣ ግን የበሰበሰ ዐፅም ሆኖ፣ ወዳጅ ጠላት የማይለይ ሆኖ ነው የሚያድገው። ክፍሉ ዝም አለ። "ጥፋቱ የማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ገሚሱ "የጠላት" አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ "አጉሞንን ማን ጠየቀው?" አለች። ከዚያ ሌላው ተነሥቶ ስለ ቤታቸው አህያ አወራ፤ ጀርባዋ ቆስሎ ገለባ እንደምትሸከም። ማንም ስለ አህያ አልጠየቀውም ነበር።

ጋሼ የሚፈሩት ነገር ይመጣል፤ ካርቱኑን ከፍተን ከሄድን። ድብድቡን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። የእኔ አቋም፦ ይቀጥል፣ ግን ክፍሉ ተመርጦ፣ አዋቂ አብሮ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ወሬ ተደርጎ። ያለዚህ ከሆነ እኔም ይቁም እላለሁ።

ነርሷ፦ ክርክሩ ውስጥ ሳልገባ አንድ ነገር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ አንድ የፖኬሞን ክፍል ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲል በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሆስፒታል ገብተዋል። ያ ክፍል ዳግም አልታየም። መብራት አጥፍታችሁ ልጆቹን ስክሪኑ ሥር አትደርድሩ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ወላጅ አስቀድሞ ይናገር።

አወያይዋ፦ ሰምተናል። ጋሼ፣ መምህርቷ ባለችው መንገድ ቢሆን?

የጠባሴ አባት፦ ልጄን የምልከው እኔ አብሬው የምቀመጥ ከሆነ ነው። የውድድሩ ጌም፣ ማን ብዙ ያዘ፣ ማን አሸነፈ የሚባለው፣ ከቅዳሜው ይውጣ። ታሪኩ ይታይ። ጓሳም እንሂድ፣ ለመኪናው የድርሻዬን አዋጣለሁ። ድብድቡ ላይ ግን ሐሳቤ አልተለወጠም፤ ስብሰባው ላይም እናገራለሁ።

መምህርቷ፦ ይናገሩ፣ ጋሼ። አንድ ጥያቄ ግን ለእርስዎም ለሁሉም ትቻለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲጂሞን ፊልም ላይ ልጆቹ ወደ አዋቂነት ሲደርሱ ጓደኞቻቸው ይጠፋሉ፤ መለያየቱ የማይቀር ነው። ትልልቆቹ ልጆች እንድናሳያቸው እየጠየቁ ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሱት ይችሉታል ብዬ አስባለሁ፤ ለትንንሾቹ ግን ገና ነው። እናንተስ?

የመንዝ ልጅ፦ አሳዪአቸው። ዳልቻ የተሸጠ ቀን እኔ ከእነሱ አንስ ነበር።