የእናቴ ጥፍር ሰርጉዷል፤ የካልሲየም እጥረት ነው ይሉናል

ጠያቂ (ከደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ጥፍሯን ስቆርጥላት የአውራ ጣቶቿና የሌባ ጣቶቿ ጥፍር መሐሉ ሰርጉዶ፣ ጠርዙ ወደ ላይ ተገልብጦ አየሁ። ከመሳሳቱ የተነሣ ገና መቁረጫው ሲነካው ይሰነጠቃል። ጎረቤቶቻችን «ካልሲየም ነው፣ ወተት ታብዛ» ይላሉ። እርሷ ደግሞ «የልብስ ሳሙና በልቶት ነው» ብላ ትስቃለች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት መቆም ከጀመረች ከርማለች፤ እርሱንም ዕድሜ ነው ትለዋለች። ለመሆኑ ጥፍር አይቶ በሽታ ማወቅ ይቻላል?

አባ ወራው፦
ወተቱን አትናቁት። የልጄ ጥፍር ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶበት ወተት ስናበዛለት ጠፍቷል።

ሲስተር (ነርስ)፦
ወተቱን ይጠጣ፤ ነጠብጣቡ ግን ሳይጠጣም ይጠፋ ነበር። ነጫጭ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ጥፍሩ ሥሩ ላይ ሲመታ ወይም ሲነከስ ነው፤ ጥፍሩ ሲያድግ አብረው ወጥተው ይቆረጣሉ። ካልሲየምን በከንቱ አትክሰሱት።

እህቴ፣ ወደ እናትሽ ልምጣ። እጇን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ ጥፍሯ መሐል አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት። ሳይፈስ ከተቀመጠ፣ ሐኪሞች የማንኪያ ጥፍር የሚሉት ነው። ዋነኛ ምክንያቱም በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ነው። ሳሙናና ውሃ ጥፍር ማሳሳቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳሙና ዳገት ላይ ትንፋሽ አያሳጥርም።

ደም ማነስ ሲባል ሰው ሁሉ ቀይ ሥርና ምስር ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምን በላች ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ደሙስ የት ሄደ? የወር አበባ የምታይ ሴት ብትሆን አስቀድሜ የምጠይቀው እርሱን ነበር። በ58 ዓመት ግን ሐሳቤ ሆድ ላይ ያርፋል፦ የጨጓራ ቁስለት፣ የአንጀት ትል፣ አልፎ አልፎም የአንጀት ካንሰር። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን አዘውትራ ትወስዳለች? እነዚህ ጨጓራን እያቆሰሉ ደም በጥቂት በጥቂቱ ያፈሳሉ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂያት። የብረት ኪኒን ከጀመረች በኋላ ብትጠይቂያት ዋጋ የለውም፤ ኪኒኑ ራሱ ሰገራ ያጠቁራል።

ጤና ጣቢያ ሄሞግሎቢን (ደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን) ይለኩላታል፤ ፌሪቲን (በሰውነቷ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ) የሚሠራ ላቦራቶሪ ከተገኘ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቡናዋን አልከለክላትም፤ ብቻ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ትጠጣው። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

ጎንደሬው፦
ሲስተር፣ ነገሩ ከተነሣ አይቀር፣ እኔ ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ የወረደ ጥቁር መስመር አለኝ። ልፍራ?

ሲስተር፦
ሌሎቹ ጥፍሮችህስ? ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች በበርካታ ጥፍሮቻችን ላይ ቡናማ መስመር ቢታይብን የተለመደ ነው፤ ከዕድሜ ጋርም ይጨምራል። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ሥሩ ላይ ያለውን ቆዳ ከነካ ግን ሳትውል ሳታድር የቆዳ ሐኪም ይየው። ቦብ ማርሌይን የገደለው ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1977 የተገኘው የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። በ1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ጠያቂ፦
ጠብታውን ሞከርኩት፣ አልፈሰሰም። ለጉልበቷ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች የምትውጠው ኪኒን እንዳለም ገና አሁን ነገረችኝ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ጥፍሯ ላይ እንሶስላ አለ፤ ማስለቀቅ ይኖርብናል?

ሲስተር፦
እንሶስላ አንዴ ከያዘ በእጥበት አይለቅምና አትድከሙ። የጥፍሩን መንጣት ቢሸፍን እንጂ ቅርጹን አይሸፍንም፤ ባለሙያው የዓይኗን ቆብ ገልብጦ፣ መዳፏንም አይቶ ይረዳል። የጉልበቱን ኪኒን እስክትመረመር አትውሰደው። ከነማሸጊያው ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ነጩ ኪኒን» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ሕክምና ስትጀምር ደግሞ ጥፍሯ በሳምንት ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ። የእጅ ጥፍር የሚያድገው በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉው እስኪታደስ ግማሽ ዓመት ይወስዳል። መሻሏን በትንፋሿ እዩት።