ለ4ኤጂ ሞተር ስንት ረድፍ የዘይት ማቀዝቀዣ ይበቃል?

ዲኤክስ_ባሕርዳር፦

ሰላም ወገኖች። ቶዮታ ዲኤክስ መኪና ላይ የቶዮታውን 4ኤጂ ሞተር ገጥሜ ለውድድር እያዘጋጀሁት ነው። 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ቱርቦ የለውም። የራዲያተሩ ውሃ ሰላም ነው፣ 90 አካባቢ ይቆማል። ያስቸገረኝ ዘይቱ ነው። የበዛዊትን ዳገት ነዳጅ ረግጬ ደጋግሜ ስወጣ 138 ዲግሪ ይደርሳል። 4 ባር የነበረው ግፊትም ወደ 2.5 ይወርዳል። ዘይቱ 10ደብሊው-40 ነው።

አንድ ዕቃ ሻጭ 13፣ 19 እና 25 ረድፍ (ዘይቱ የሚያልፍባቸው ጠፍጣፋ ቱቦዎች ብዛት ነው) ማቀዝቀዣ አሳየኝ። «ትልቁን ውሰድ፣ ቢበዛ አይጎዳም» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከጭነት መኪና የተፈታ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ በርካሽ አግኝቶልኛል። የቱን ልግዛ?

ጀልባ_ጠጋኝ፦

እኔ የምሠራው ጣና ላይ፣ የጀልባ ሞተር ነው። እኛ ጋ ሙቀቱን የሚወስደው የሐይቁ ውሃ ነው፣ የነፋስ ነገር አያሳስበንም። አንተስ በውሃ የሚሠራውን ለምን አትሞክርም? በፊልትሮውና በብሎኩ መካከል የሚገባ ዓይነት አለ። የራዲያተሩ ውሃ በውስጡ ያልፋል። ጠዋት ዘይቱን ቶሎ ያሞቀዋል፣ ሲግል ደግሞ ያበርደዋል።

ሽምብጥ_መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ቁጥር ይዘህ መምጣትህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው «ይሞቃል» ብቻ ብሎ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የት መድረስ እንደምትፈልግ እንወቅ። የውድድር ሞተር ዘይት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ቢሆን እወዳለሁ። ከ90 በታች ከቆየ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ተንኖ አይወጣም። ከ130 በላይ ከቆየ ይቀጥናል፣ ቶሎ ያረጃል። ግፊትህ የወረደውም ስለቀጠነ ነው። ስለዚህ «ቢበዛ አይጎዳም» ያለህ ሰው ልክ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በማቀዝቀዣው በደቂቃ 25 ሊትር ዘይት ያልፋል እንበል። የጋለ ዘይት በሊትር 0.83 ኪሎ ግድም ስለሚመዝን በሴኮንድ 0.35 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አንድ ኪሎ ዘይት በአንድ ዲግሪ ሲበርድ 2.2 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። 10 ዲግሪ ካወረድከው 7.6 ኪሎዋት ሙቀት አወጣህ ማለት ነው። ይህን ተሸክሞ የሚሄደው አየሩ ነው።

የእኛ ከተማ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አንድ ሜትር ኩብ አየራችን ባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ይሳሳል። ስለዚህ የውጭ ሰው «ይህ መጠን በቃኝ» ሲል ከየትኛው ከፍታ እንደሚያወራ ጠይቁ። ደግነቱ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚስበው ያንኑ ስስ አየር ነው። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ ይቀራረባሉ። ቱርቦ ቢኖርህ ግን ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል፣ ማቀዝቀዣው በስስ አየር ይቀራል። ያኔ ሌላ ሒሳብ ነው።

235 ሚሊሜትር ስፋት ያለው 19 ረድፍ ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ግድም ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትነዳ በውስጡ የሚያልፈው አየር ፍጥነት የመኪናውን ሲሶ ከሆነ፣ 7.6 ኪሎዋቱን ወስዶ አየሩ የሚሞቀው በ25 ዲግሪ ነው። 30 ሆኖ ይገባል፣ 55 ሆኖ ይወጣል። ዘይቱ 120 ስለሆነ ይህ ብዙ አይደለም። 19ኙን ግዛ። 13ቱ ለረጅም ውድድር ይጠብሃል። 25ቱ ደግሞ የራዲያተሩን ነፋስ ይጋርድብሃል።

ግን ከረድፉ ቁጥር በላይ የአየሩ መንገድ ያሳስበኛል። መስኮት የሌለው ቤት በሩ ቢከፈት ነፋስ አያልፍበትም፤ ማቀዝቀዣም እንደዚያው ነው። ከፊት በላሜራ መተላለፊያ ሥራለት፣ ዳር ዳሩን በስፖንጅ ድፈነው፣ ከኋላ አየሩ የሚወጣበት ክፍት ቦታ ፈልግለት። ይህ ያልተሠራለት 25 ረድፍ፣ በደንብ ከተሠራለት 13 ረድፍ ያንሳል። ማታ ማታ ሐይቅ ዳር የምትነዳ ከሆነ ትንኙ ክንፎቹን ይደፍናቸዋል። ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ በውሃ እጠበው።

ጓደኛህ ያገኘውን ተወው፣ እባክህ። የካምቢዮው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ለሞተር ዘይት ጠባብ ነው። ያገለገለ ማቀዝቀዣ ደግሞ የሞተ ሞተር ላይ ከነበረ ውስጡ የብረት ብናኝ ይዟል። በቤንዚን ብታጥበውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። አንድ ቀን ይነሳና አዲሱን ሞተርህን ይበላዋል።

ፖሊ_መምህር፦

በጋሼ ሒሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ማቀዝቀዣው ላይ የሚወሰነው የዘይቱ ሙቀት ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት ነው። እዚህ በ28 ዲግሪ አየር ዘይትህ 115 ላይ ከቆመ፣ 38 ዲግሪ ባለበት ቆላ 125 አካባቢ ጠብቅ። እዚያ ዝቅ ስለሚል ሞተሩም ጉልበት ይጨምራል፣ ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ያዝ። ከማቀዝቀዣው በፊትና በኋላ ሁለት ሙቀት መለኪያ አድርግ። ልዩነቱን ስታይ በግምት መሥራት ይቀራል።

ዲኤክስ_ባሕርዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መምህርም። 19ኙን እወስዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ዘይቱ ሳይሞቅ እንዳይቀር ፈራሁ፤ ጥር ላይ እዚህ ይበርዳል። የጀልባው ወንድማችን ያለውስ እንዴት ነው?

ሽምብጥ_መካኒክ፦

ፍርሃትህ ትክክል ነው። በፊልትሮውና በብሎኩ መካከል የሚገባውን፣ 80 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ቴርሞስታት ያለውን የቱቦ ማያያዣ ግዛ። ከዚያ በታች ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው አብዛኛው አይሄድም።

የጀልባው ወንድማችን ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ለከተማ መኪና እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ጀልባው ሐይቅ አለው፣ አንተ ያለህ ራዲያተር ነው። ዘይቱ የሚለቀውን ሙቀት ያው ራዲያተር መጣል አለበት። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደግሞ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ነው፤ ያንተ 90 ላይ ነው ያለው። ጠባብ ነው።

ቱቦ ስትገዛ የውስጥ ስፋቱ ከ14 እስከ 16 ሚሊሜትር ይሁን። ላዩ ላይ የተጻፈውንም አንብብ፤ ብዙው የሎደርና የትራክተር ሃይድሮሊክ ቱቦ የሚችለው 100 ዲግሪ ነው፣ ላንተ አይሆንም። ከጭስ ማውጫው አርቀህ እሰረው፤ ዘይት እዚያ ላይ ከፈሰሰ ይነድዳል። ከገጠምክ በኋላ ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት አስነሳው፣ አጥፋው፣ ዘይቱ ሲረጋ ለክተህ የጎደለውን ሙላ።