ሾፌር አልባ መኪና የሚነዳውን ኮድ ማን ይጻፈው?

አወያይ፦ ሾፌር አልባ መኪናና ባቡር የሚነዳውን ሶፍትዌር ሰው መጻፉ ይቅር የሚሉ አሉ። መስፈርቱ (ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጸው) በሒሳብ ቋንቋ ይጻፍ፤ ኮዱን ኮምፒውተር ያመንጨው፤ ሕግም ያስገድድ ይላሉ። እናንተስ?

ፕሮግራመሩ፦ እደግፋለሁ። የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት ባቡሮቹ ሾፌር አልነበራቸውም። የደኅንነቱ ሶፍትዌር የተሠራው ቢ በሚባል ዘዴ ነው። መስፈርቱ በሒሳብ ተጻፈ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በሒሳባዊ ማስረጃ ተረጋገጠ፣ ኮዱም ከዚያ ወጣ። "ሞክረነዋል፣ እስካሁን ደህና ነው" ማለት ለሰው ሕይወት አይበቃም።

ሞካሪዋ፦ ወንድሜ፣ መስፈርቱ ራሱ ሲሳሳትስ? እ.ኤ.አ. በ1993 ዋርሶ ላይ ያረፈውን ኤርባስ ኤ320 አስታውስ። አውሮፕላኑን መሬት ላይ የሚያጣብቁት የክንፍ ሳንቃዎች አየር ላይ እንዳይከፈቱ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። ወይ ሁለቱም ዋና እግሮች ክብደት ይሸከሙ፣ ወይ ጎማዎቹ በፍጥነት ይሽከርከሩ። ጥሩ ይመስላል አይደል? የዚያን ቀን ግን ነፋስና ዝናብ ነበር። በአንድ እግሩ አረፈ፤ ሁለተኛው እስኪነካ 9 ሰከንድ ያህል ሄደ። አንዱም ቅድመ ሁኔታ ስላልተሟላ ሳንቃዎቹ ዘገዩ፤ 2 ሰዎች ሞቱ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው! ከዚያ መስፈርት ኮድ ብታመነጭ የሚወጣልህ ያው ስህተት ነው፤ ያውም "ተረጋግጧል" የሚል ማኅተም ይዞ።

መምህሩ፦ ሌላም ችግር አለ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ፕኑኤሊና ሮዝነር እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ ጊዜን በሚገልጽ ሎጂክ ከተጻፈ መስፈርት ፕሮግራም ማመንጨት ስሌቱ እጅግ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የመስፈርቱን ዓይነት በመገደብ ሸክሙ በጣም ቀለለ። መንገድ ላይ ያለው ዓለም ግን እንዲህ አይገደብም። "እግረኛ" ማለት ምን እንደሆነ በሎጂክ ጻፉልኝ እስቲ። ካሜራው ያየውን የሚተረጉመው ክፍል ከዚህ ሥራ ውጭ ነው።

ፕሮግራመሩ፦ እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ። የውሳኔው ክፍልስ?

ሞካሪዋ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም እኔ የምወደው ማሽኑ እምቢ ሲል ነው። "እንቅፋት ካየህ ወዲያው ቁም፤ ከኋላ ያለው እንዲገጭህም አትፍቀድ" ብለህ ብትጽፍ፣ ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ኮድ ሳይጻፍ ይነግርሃል። ሰው ቢሆን የሆነ ነገር ጽፎ ያልፈው ነበር። ስለዚህ ሕጉ አመነጫጨቱን ከሚያስገድድ ይልቅ መስፈርቱ ለሕዝብ እንዲወጣ ያስገድድ። መንገዱን የምንጋራው እኛ ነን፤ መኪናው ምን እንደታዘዘ እናንብበው።

መምህሩ፦ ኩባንያዎቹ "የንግድ ሚስጥር ነው" ይላሉ።

ሞካሪዋ፦ ኮዱን ይደብቁ። "መቼ ትቆማለህ" የሚለው ሚስጥር ሊሆን አይችልም።