ክርክር፦ ሐይቅ ዳር ፀረ ተባይ መርጨት ይከልከል?

ጥያቄው፦ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ዳርቻ ባለ የመስኖ አትክልት ላይ ርጭት ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

የፒያሳዋ፦ ይከልከል! ዓሣውን የምንበላው እኛ ደሴዎች ነን። ውኃው መውጫ የለውም፤ የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ የገባው መርዝ የት ይሄዳል? ታች ጭቃው ውስጥ ነዋ።

የተሁለደሬ ልጅ፦ እህቴ፣ ሽንኩርት ሳይረጭ ይደርሳል ያለሽ ማነው? ትሪፕስ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ከገባበት ቅጠሉ ብርማ ሆኖ ይደርቃል። አጎቴ ልጆቹን ያስተማረው በዚያች ማሳ ነው። ደግሞ ገበያ ላይ ተባይ የበላውን ቲማቲም ትታችሁ የምታልፉት እናንተው ናችሁ።

ሰኞ ገበያ፦ መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም እኮ። ማላታይን ቶሎ ይፈርሳል። ካራቴ የሚባለው ፀረ ተባይ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ አፈር ላይ ተጣብቆ ከጎርፍ ጋር ይወርዳል፣ ለዓሣም ክፉ ነው። ዲዲቲ ግን የብቻው ጉድ ነው። ለወባ ስንት ዘመን ቤት ለቤት ተረጨ፤ ለእርሻ እንዳይውል የሚከለክለው የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ ጭቃ ውስጥ ግን አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ዕድሜውም በላብራቶሪ ይገመታል። ሲቆይ ወደ ዲዲኢና ዲዲዲ ይለወጣል። እነዚህ ከበዙ የድሮ ዕዳ ነው፤ ራሱ ዲዲቲው ከበዛ ግን ዛሬም ከጓዳው እያወጣ የሚረጭ አለ ማለት ነው። ሳይመረመር የዛሬውን ሽንኩርት አምራች በአያቱ ዘመን ርጭት እንቅጣው?

የፒያሳዋ፦ እስኪመረመር ዝም ብለን እንብላ ነው የምትለው? በሀዋሳና በዝዋይ ዓሣ ላይ ዲዲቲ መገኘቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ሰኞ ገበያ፦ ተገኘ ማለት ከልክ አለፈ ማለት አይደለም። ዲዲቲ የሚከማቸው የዓሣው ስብ ውስጥ ስለሆነ፣ ጭቃ የሚፈትሸው አምባዛ ለብቻ፣ ቆሮሶውም ለብቻ ይለካ።

ሙጋድ፦ ለሐይቅ እንዲህ ካዘናችሁ ለቦርከና ወንዝም እዘኑለት። የደሴን ቆሻሻ ተሸክሞ፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካውን ጨምሮ ጨፋ ረግረግ ይገባል።

የፒያሳዋ፦ ለቦርከና ሌላ ቀን ክፈትለት አቦ።

የተሁለደሬ ልጅ፦ የማልክደውን ልናገር። አጎቴ ሲጨርስ መርጫውን የሚያለቀልቀው ቦዩ ላይ ነው። አረፋው ነጭ ሆኖ በሸንበቆው ሥር ሲያልፍ አያለሁ። ባዶውን ጠርሙስ ጎረቤት ለዘይት ይወስደዋል። ከርጭቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ከውኃው የራቀ ማጠቢያ ይሠራ፣ ባዶ ዕቃ የሚሰበስብ ይኑር።

የፒያሳዋ፦ ማን ይሰበስባል? የፀረ ተባይ አዋጁ፣ ቁጥር 674፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መድኃኒቱን ግን ገበያ ላይ ከሳሙና ጎን ተደርድሮ አይቼዋለሁ።

ሰኞ ገበያ፦ በዚህስ ልክ ነሽ። ሻጩ መጀመሪያ ይጠየቅ።

የፒያሳዋ፦ እሺ፣ ላስታርቅ። ከውኃው 50 ሜትር ውስጥ አይረጭ፣ ከዚያ ወዲያ ይርጭ። አጎትህ ይቀበላል?

የተሁለደሬ ልጅ፦ ማሳው ከዳር እስከ ዳር 40 ሜትር አይሞላም፣ እህቴ።