የጨጓራ ቀለበቴን የሚያላላልኝ ሐኪም የምታውቁ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ውጭ አገር ሳለሁ ክብደት ለመቀነስ በጨጓራዬ የላይኛው ክፍል ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት ታስሮልኛል። ክብደቱስ ቀንሷል፤ አሁን ግን ቀለበቱ ጠበቀብኝ። እንጀራ፣ በተለይ ወጥ ያልነካው ጠርዙ፣ ደረቴ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ምራቄ አፌን ይሞላና ያስመልሰኛል። ሌሊት ስተኛ ያስለኛል። የሚወርድልኝ የዓሣ ሾርባ ብቻ ነው። (እናቴ አሁንም "ትንሽ ጉርሻ" ትላለች፤ የእናት ትንሽ ደግሞ ታውቋታላችሁ።)

ቀለበቱ የሚላላው ከሆዴ ቆዳ ሥር ከተቀበረችውና በቀጭን ቱቦ ከቀለበቱ ጋር ከተያያዘችው መሙያ ላይ ቀለበቱን የሞላውን ፈሳሽ በልዩ መርፌ በመምጠጥ ነው። ተራ መርፌ መሙያዋን ሊያበላሻት ስለሚችል ያገኘሁት ሁሉ እንዲነካት አልፈልግም። እዚህ ወይም አዲስ አበባ ይህን የሚሠራ ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ። መርፌውንስ ራሴ ማስመጣት ይኖርብኝ ይሆን? ውሃ እንኳ አልወርድ ካለኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እዚያ ሳልደርስ ነው መላ የምፈልገው።